የአፈር ባክቴሪያ ከቤተ ሙከራ ወደ ማሳ ይውረድ

በኦማን ዋና ከተማ በመስቀት ውስጥ መዲናት ሱልጣን ቃቡስ የሚባል የመኖሪያ ሰፈር አለ። ነጫጭ ቤቶቹ በድንጋያማና ደረቅ ኮረብቶች አካባቢ የተደረደሩ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ማዕድ ላይ ኪያርና ቲማቲም የዕለት ተዕለት ምግብ ነው። በመስቀት ማዕድ ቤቶች ቢላዋ ይዘው ሰላጣውን ከሚያዘጋጁት መካከልም ኑሮን ለማሸነፍ ከሀገራቸው የወጡ ኢትዮጵያውያት ይገኙበታል። አንድ ኪያር ከማሳ ተነሥቶ እዚያ ማዕድ እስኪደርስ ድረስ ከምን ዓይነት ጠላት ጋር እንደተታገለ ግን የሚበላውም የሚከትፈውም እምብዛም አያስበውም።

ከመስቀት በስተሰሜን ምዕራብ በባሕሩ ዳርቻ የተዘረጋው የአል ባጢና ሜዳ የኦማን ዋነኛው የእርሻ አካባቢ ነው። በዚያ በግሪን ሃውስ ውስጥ የሚለማው ኪያር ገና በችግኝነቱ የሚገጥመው ጠላት ከአፈር ይነሣል። ማታ ቀጥ ብሎ የታየው ችግኝ ጠዋት ከአንገቱ በስብሶ፣ መሬት ላይ ተጋድሞ ይገኛል። የጥፋቱ ባለቤት ፒቲየም አፋኒደርማተም የሚባል፣ በሳይንሱ አመዳደብ ከእውነተኛ ፈንገሶች ተርታ ባይሰለፍም በአኗኗሩና በአጠቃቁ ፈንገስን የሚመስል ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙለት ይበረታል፤ ዘሩም በውኃ ውስጥ እየዋኘ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ይሸጋገራል። የኦማን ግሪን ሃውስ ደግሞ ሙቀቱንም እርጥበቱንም አሟልቶ ያቀርብለታል።

ገበሬው ለዚህ በሽታ በቅድሚያ የሚያነሣው መሣሪያ ኬሚካል ነው። ለእንዲህ ዓይነት ተሕዋስያን የሚውለው ሜታላክሲል፣ በኢትዮጵያ አርሶ አደሮች ዘንድ ሪዶሚል በሚለው የንግድ ስም የሚታወቀው መድኃኒት አንዱ ክፍል፣ እ.አ.አ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ሲውል ታላቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን በአውሮፓ የድንች ማሳዎች መድኃኒቱን የተላመደ የምች በሽታ ታየ። ተመሳሳይ መድኃኒት በተደጋጋሚ ሲረጭ ደካማው ተሕዋስ ይሞታል፤ የተላመደው ተርፎ ይራባል። ገበሬው መጠኑን ይጨምራል፤ ወጪውም አብሮ ያድጋል፤ በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ጠቃሚ ፍጥረታትም አብረው ይጎዳሉ።

በዚህ ምክንያት ነው በመስቀት አቅራቢያ በአል ኹድ የሚገኘው፣ እ.አ.አ በ1986 ትምህርት የጀመረው የሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ከኬሚካል መደርደሪያ ወደ ሀገራቸው አፈር የመለሱት። እ.አ.አ በ2019 ባሳተሙት ጥናት ከኦማን አፈር የለዩአቸውን፣ በእፅዋት ሥር ዙሪያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቲማቲምን በሚያጠቃው ፒቲየም ላይ ፈትነዋል። በ2020 ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ የሀገር በቀል ባክቴሪያዎችን አቅም የሜሎን ሥር አበስብሶ ሐረጉን በሚያደርቀው ሞኖስፖራስከስ በተባለ ፈንገስ ላይ መርምረዋል። ሁለቱም ጥናቶች የሚያመለክቱት በሽታው ከሚኖርበት አፈር ውስጥ በሽታውን የሚቋቋመውን ኃይል መፈለግ እንደሚቻል ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። ለመረዳት ግን በቅድሚያ ባክቴሪያው በሥር ዙሪያ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቁጥር እስከ ቢሊዮን ሊደርስ ይችላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለእፅዋት አይጠቅሙም፣ አይጎዱምም። ጥቂቶቹ በሽታ ያመጣሉ። ሌሎች ጥቂቶች ግን ከሥር የሚፈልቀውን ስኳርና ሌላ ምግብ እየተመገቡ በሥሩ ገጽ ላይ ይሰፍራሉ፤ በምላሹም ለባለቤቱ ዘብ ይቆማሉ። በዚህ ሥራ ይበልጥ የታወቁት ባሲለስና ፕሴዶሞናስ የሚባሉት ወገኖች ናቸው።

የጥበቃው ስልት አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ቦታን ቀድሞ መያዝ ነው። ባክቴሪያው የሥሩን ገጽ ከሸፈነ ለፈንገሱ የሚገባበት ቀዳዳም የሚበላው ትርፍም አይተርፍለትም። ሁለተኛው በብረት ማዕድን ላይ የሚደረግ ሽሚያ ነው። ፕሴዶሞናስ በአፈር ውስጥ ያለችውን ጥቂት ብረት የሚጠልፍ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ፈንገሱ ብረት አጥቶ ይዳከማል። ሦስተኛው ፈንገስን የሚገድሉ ወይም እድገቱን የሚገቱ ውህዶችን ማመንጨት ነው። የባሲለስ ወገኖች የሚያመነጩአቸው አይቱሪንና ፌንጂሲን የፈንገሱን ሕዋስ ሽፋን ይበጣጥሳሉ። አራተኛው ስልት ከሁሉም ይበልጥ ይደንቃል፤ ባክቴሪያው በሥር ላይ መስፈሩ ብቻ ተክሉ የራሱን መከላከያ እንዲያነቃ ያደርገዋል። ሥሩ ላይ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ እስከ ቅጠሉ ይደርሳል። እ.አ.አ በ1991 በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይህንኑ በአበባ ተክል ላይ አሳይተዋል።

ተፈጥሮ ይህን ሥራ ሳይንቲስት ሳያዛት ስትሠራ መኖሯም ታውቋል። ስንዴ በተከታታይ በሚዘራባቸው የተለያዩ ሀገራት ማሳዎች ሥር አበስብስ በሽታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በርትቶ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይረጨው በራሱ ጊዜ ሲቀንስ ታይቷል። አፈሩ ሲመረመር በበሽታው ብርታት ዘመን በሥሩ ዙሪያ የፕሴዶሞናስ ወገኖች ተራብተው፣ ፈንገሱን የሚገታ ውህድ እያመነጩ መገኘታቸው ተረጋገጠ። በደቡብ ፈረንሳይ ሻቶርናር በተባለ ስፍራ የሚገኝ አፈርም ሜሎንን የሚያጠወልገውን ፈንገስ በተፈጥሮው የሚቋቋም ሆኖ በመገኘቱ ለብዙ ዓመታት የምርምር መነሻ ሆኗል። በሽታ እያለ በሽታው የማይበረታበት አፈር መኖሩ፣ ጤናም እንደ በሽታ ከአፈር ሊገኝ እንደሚችል ያስረዳል።

ዕውቀቱ በመጽሔት ብቻ አልቀረም። በስዊድን እ.አ.አ ከ1997 ጀምሮ ሴዶሞን የተባለ፣ ከአፈር ባክቴሪያ የተዘጋጀ ምርት የገብስና የአጃ ዘር ማከሚያ ሆኖ ለገበሬዎች ለሽያጭ ቀርቧል። በውስጡ ያለው ፕሴዶሞናስ ክሎሮራፊስ የተባለው ባክቴሪያ በዘር የሚተላለፉ የፈንገስ በሽታዎችን ይከላከላል። በአሜሪካም ባሲለስ ሰብቲለስ የተባለው ባክቴሪያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥጥና በሌሎች ሰብሎች ዘር ላይ ተለብጦ ሲዘራ ቆይቷል። ገብስም ጥጥም ለኢትዮጵያ አርሶ አደር እንግዳ ሰብሎች አይደሉም።

በኢትዮጵያ ችግሩም የመፍትሔው ጅማሮም አለ። የቡና አድርቅ በሽታን የሚያመጣው ፊውዛሪየም ዛይላሪዮይደስ የተባለው ፈንገስ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.አ.አ በ1957 ነው። ፈንገሱ የዛፉን የውኃ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ቅርንጫፉ ይደርቃል። አንድ ጊዜ የገባበትን ዛፍ የሚያድን መድኃኒት የለም። ገበሬው ለዓመታት የደከመበትን ቡና ነቅሎ ከማቃጠል ሌላ አማራጭ አይኖረውም። በሽታው በአፈር ውስጥ ይቆያል፤ አረም ሲመነጠር ገጀራና መቆፈሪያ በግንዱ ላይ በሚያሳርፉት ቁስልም ይገባል። አንድ የቡና ዛፍ ለጅማ፣ ለከፋ ወይም ለኢሉባቦር ገበሬ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ፣ የክረምት ስንቅ፣ የድግስና የሐዘን መጠባበቂያ መሆኑን ለሚያውቅ የጉዳቱ መጠን አይሰወረውም።

በዚህ በሽታ ላይ የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች ዝም ብለው አልተመለከቱም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲሪባ ሙለታና ፋሲል አሰፋ ከስዊድናዊው ኡልፍ ግራንሃል ጋር እ.አ.አ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ ቡና ሥር ዙሪያ የተለዩ ባክቴሪያዎች አድርቅ አምጪውን ፈንገስ ጨምሮ ቡናን በሚያጠቁ የፊውዛሪየም ወገኖች ላይ ያላቸውን ኃይል በቤተ ሙከራ ፈትነዋል። ቡና በተፈጥሮ የሚበቅልበት ጫካ የቡናው ብቻ ሳይሆን የቡናው ጠባቂዎችም መገኛ መሆኑን ይህ ጥናት ያመለክታል።

በባቄላም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት በዓለም ላይ ከቻይና ቀጥላ ከሚጠሩት ሀገራት አንዷ ናት። ይሁን እንጂ በደጋው መረሬ አፈር ላይ ውኃ ሲተኛ ፊውዛሪየም ሶላኒ የተባለው ፈንገስ የባቄላውን ሥር አጥቁሮ ያበሰብሰዋል፤ ቸኮሌት ስፖት በመባል የሚታወቀው የቅጠል በሽታም በእርጥበት ወራት ማሳውን ያቃጠለው ያስመስለዋል። እ.አ.አ በ2013 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ፕሴዶሞናስ ፍሎረሰንስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው ውህድ የቸኮሌት ስፖት አምጪውን ፈንገስ የመግታት አቅም እንዳለው አሳይቷል። በሰሜን ሸዋ ነጭ ሽንኩርትን ከአፈር ውስጥ የሚያበሰብሰው ነጭ አበስብስም ለብዙ ዓመታት በአፈር ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ በመሆኑ ከረጪው ይልቅ ከአፈሩ መፍትሔ የሚሻ በሽታ ነው።

ከኦማን የሚገኘው ትምህርትም በቀጥታ የሚመለከታቸው አካባቢዎች አሉ። በአል ባጢና የከርሰ ምድር ውኃ ከመጠን በላይ በመሳቡ የባሕር ውኃ ሠርጎ እየገባ አፈሩን ጨዋማ አድርጎታል። በአፋር ክልል በአሚባራ አካባቢም በቂ ማፋሰሻ ሳይኖር ለዓመታት የተካሄደ መስኖ የከርሰ ምድር ውኃውን ከፍ አድርጎ ሰፊ የጥጥ መሬትን ጨው አልብሶታል። ከደጋ አፈር የተወሰደ ባክቴሪያ በእንዲህ ዓይነት ሞቃትና ጨዋማ አፈር ላይ ላይበረታ ይችላል። በዚያው አፈር ተወልዶ ያደገው ግን ጨዉንም ሙቀቱንም ለምዶታል። የኦማን ተመራማሪዎች የሀገራቸውን ባክቴሪያ የመረጡበት አስተሳሰብ ለወረርና ለመካከለኛው አዋሽም ይሠራል።

እንግዲህ ጥያቄው ዕውቀቱ ካለ፣ ተመራማሪውም ካለ፣ ችግሩም በየማሳው ካለ፣ ባክቴሪያው ከአርሶ አደሩ እጅ ለምን አልደረሰም የሚለው ነው። መልሱ በቤተ ሙከራውና በማሳው መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ይገኛል። ብዙ ጊዜ አንድ ተመራቂ ተማሪ ከሥር ዙሪያ አፈር በርካታ ባክቴሪያዎችን ይለያል፤ በሳህን ላይ ከፈንገሱ ጋር አፋጥጦ የበረታውን ይመርጣል፤ ውጤቱን ጽፎ ይመረቃል። ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ይቀመጣል። ባክቴሪያው ደግሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። መብራት በተደጋጋሚ ሲጠፋ፣ ኃላፊ ሲቀየር፣ በጀት ሲያልቅ የዓመታት ድካም ከነስሙ ይጠፋል። የሚቀጥለው ተማሪም ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ከእግር በታች ያለው ሀብት ሳይታወቅ ይባክናል።

መንገዱ ጨርሶ ያልተሄደበት ግን አይደለም። የጥራጥሬ ሰብሎች ናይትሮጅንን ከአየር እንዲጠቀሙ የሚያግዘው ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ሕያው ማዳበሪያ በሚል ስም በኢትዮጵያ እየተመረተ ለአርሶ አደሮች ሲሰራጭ ቆይቷል። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪን የመሰለ አምራች ድርጅትም በሀገር ውስጥ ተፈጥሯል። በአኩሪ አተር፣ በሽምብራና በባቄላ አካባቢዎች ያለ አርሶ አደር ዘሩን በስኳር ውኃ አርሶ፣ በጥላ ሥር ከጥቁሩ ዱቄት ጋር አሽቶ፣ ፀሐይ ሳይመታው በዕለቱ መዝራትን ተምሯል። ባክቴሪያ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ ሙቀት እንደሚገድለው፣ ከማዳበሪያና ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ መቀመጥ እንደሌለበት የሚያውቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛም አለ። በሽታን የሚከላከለው ባክቴሪያ በዚሁ በተጠረገ መንገድ ሊጓዝ ይችላል። ከአንድ ዘር ላይ ናይትሮጅን ሰብሳቢውንና ዘብ ጠባቂውን አብሮ ማሳፈርም ሊፈተን የሚገባው ሐሳብ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደትም አላቸው። የመጀመሪያው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የበረታ ባክቴሪያ በማሳ ላይ ብዙ ጊዜ ይደክማል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው። ሳህን ላይ ባክቴሪያውና ፈንገሱ ብቻቸውን ናቸው፤ በማሳ ግን ድርቁ፣ ጎርፉ፣ አሲዳማነቱና በቢሊዮን የሚቆጠሩ ነባር ተሕዋስያን ይጠብቁታል። አንድ ዓመት የሠራ ምርት በሚቀጥለው ዓመት ላይሠራ ይችላል። ይህ ግን ከሥራው ለመሸሽ ሳይሆን ሥራውን በማሳ ላይ ለመፈተን የሚያስገድድ ምክንያት ነው። በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት የተገኘ ውጤት ለአዋጅ አይበቃም፤ በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ፣ ለተከታታይ ዓመታት፣ ያልሠራውም ጭምር ተመዝግቦ መፈተን አለበት።

ሁለተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ኬሚካል በቀናት ውስጥ ውጤቱን ያሳያል፤ ባክቴሪያ ግን በሽታው ከገባ በኋላ ብዙም አይፈይድም። ሥራው ማዳን ሳይሆን መከላከል ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ብሂል ለዚህ ይስማማል። በመሆኑም ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው ብሎ ማወጅ አርሶ አደሩን ማሳሳት ነው። በነፋስ ተሸክሞ ከሀገር ሀገር የሚጓዘውን የስንዴ ዋግ በአፈር ባክቴሪያ አቆማለሁ ማለት አይቻልም። ለዋግ ቢጫም ሆነ ግንድ፣ የሚቋቋም ዝርያ፣ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያና በጊዜው የሚረጭ ፀረ ፈንገስ አሁንም አስፈላጊ ናቸው። የአፈር ባክቴሪያ ቦታው በአፈርና በዘር በሚተላለፉት በሽታዎች ላይ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው የደኅንነት ጥያቄ ነው። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ ጉዳት አልባ አይደለም። አባ ሰንጋን የሚያመጣው ተሕዋስ ራሱ ከባሲለስ ወገን ነው፤ ምግብን የሚመርዝ ባሲለስም አለ። በርክሆልደሪያ ሴፓሺያ የሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ፈንገስን በመከላከል ስሙ ከፍ ብሎ ሳለ፣ በዘር የሚወረስ የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ አደገኛ ልክፍት እንደሚያመጣ በመታወቁ በአሜሪካ አጠቃቀሙ በጥብቅ ተገድቧል። ስለዚህ ባክቴሪያው የፈንገስ ጠላት መሆኑ ብቻ ወደ ማሳ ለመውረድ ፈቃድ ሊሆነው አይገባም። ማንነቱ በትክክል ተለይቶ፣ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት የማያደርስ መሆኑ ተረጋግጦ፣ የሚያመርተውም የሚዘራውም እጅ ተጠብቆ መሆን አለበት።

አራተኛው ስለ ጥራት የሚነሣው ሥጋት ነው። ኬሚካል ሐሰተኛ መሆኑ በምርመራ እንደሚታወቅ ሁሉ ሕያው ምርትም በውስጡ ሕይወት መኖሩ መመርመር አለበት። ባሲለስ ድርቀትንና ሙቀትን የሚቋቋም ጠንካራ ዘር ስለሚሠራ በመጋዘን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ፕሴዶሞናስ ግን እንዲህ ያለ ጋሻ የለውም፤ ቅዝቃዜና ፈጣን ሥርጭት ይፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ በጭነት መኪና ተጉዞ በቆርቆሮ መጋዘን ወራት የከረመ እሽግ በላዩ ላይ የተጻፈው ምንም ቢሆን በውስጡ የሞተ ዱቄት ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ በሞተ ምርት የተታለለ አርሶ አደር ሁለተኛ ሕያው የሆነውንም አያምንም። እምነት ከጠፋ ሳይንሱ ምንም ያህል ቢሰፋ ዋጋ የለውም።

እነዚህ ሁሉ ሥጋቶች የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው። ሥራው ለተናጠል ተመራማሪ ወይም ለገበያ ብቻ የሚተው ሳይሆን የመንግሥትን አመራር የሚሻ ነው። ከዚህ አኳያ በቅደም ተከተል ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ማዕከሉ ተበታትነው የሚገኙት የተለዩ ባክቴሪያዎች በሀገር ደረጃ ተሰብስበው፣ ስማቸውና መገኛቸው ተመዝግቦ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ ተጠብቀው መቀመጥ አለባቸው። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትንና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አላት። የዘር ባንክን ለእህል በመመሥረት በአፍሪካ ቀዳሚ ከነበሩት ተርታ የምትሰለፍ ሀገር ለረቂቃኑ ሀብትም ያንኑ ክብር መስጠት ይገባታል። ያልተመዘገበ ሀብት ሲጠፋም፣ ሌላ ሲወስደውም የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛ፣ ሥራው ሊያሸንፍ ከሚችልበት ቦታ መጀመር አለበት። ያ ቦታ የችግኝ ጣቢያ ነው። የቡና፣ የቲማቲም፣ የበርበሬና የዛፍ ችግኞች ገና በመደብ ላይ እያሉ ከአንገታቸው የሚበሰብሱበት በሽታ በአል ባጢና ኪያር ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ዓይነት ባሕርይ አለው። በችግኝ ጣቢያ አፈሩ ጥቂት ነው፤ ውኃና ጥላው በሰው እጅ ነው፤ ውጤቱም በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ለአረንጓዴ ዐሻራ በየዓመቱ ችግኝ በብዛት የምታፈላ ሀገር ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ቦታ አታገኝም። በአንዱ መደብ ባክቴሪያ የታከመ፣ በሌላው ያልታከመ ችግኝ ጎን ለጎን ማፍላትና የቆመውን መቁጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀጥሎ ጤናማ ሥር ይዞ ወደ ቡና ማሳ የሚወርደው ችግኝ ዘቡን አብሮ ይዞ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ የምዝገባ ሥርዓቱ ለሕያው ምርት የሚስማማ ሊሆን ይገባል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የአርሶ አደሩን ጤናና የአካባቢን ደኅንነት ለመጠበቅ የወጣ ነው። በአፈጻጸም ግን ኬሚካል የሚመዘንበት ሚዛንና ሕያው ባክቴሪያ የሚመዘንበት ሚዛን አንድ ሊሆን አይችልም። ለባክቴሪያው የሚጠየቀው የማንነቱ ማረጋገጫ፣ የደኅንነቱ ምርመራ፣ በእሽጉ ውስጥ ያለው ሕያው ቁጥርና የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሚዛኑ ከላላ ማሳው የማጭበርበሪያ መናኸሪያ ይሆናል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀም በሀገር ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ በወረቀት ክምር ሥር ሲሞት ከውጭ የተገዛው ቀድሞ ይገባል።

አራተኛ፣ ምርቱ በሀገር ውስጥ እንዲመረት ማበረታታት ያስፈልጋል። ሕያው ማዳበሪያ የሚያመርቱት ድርጅቶች ማብላያ ጋንም፣ የሠለጠነ ባለሙያም፣ የማከፋፈያ መስመርም አላቸው። ከምርምር ማዕከላት ጋር ውል ገብተው በሽታ ተከላካይ ባክቴሪያ ቢያመርቱ አዲስ ፋብሪካ ከመገንባት ይቀላል። ለፀረ ፈንገስ ግዢ በየዓመቱ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከፊሉ እንኳ ቢተርፍ ትርፉ የሀገር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአንድ እሽግ ዋጋ በኩንታል ባቄላ ሲተመን አርሶ አደሩ የሚደፍረው መሆን አለበት።

አምስተኛ፣ ለአርሶ አደሩ እውነቱ ሊነገረው ይገባል። ባክቴሪያው ተአምር አይደለም። ውኃ የሚተኛበትን መረሬ ካላጠነፈፉት፣ ሰብል ካላፈራረቁ፣ የታመመውን ቡና ነቅለው ካላስወገዱ፣ መቆፈሪያውን ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው ሳያጸዱ ከወሰዱት የትኛውም ባክቴሪያ ብቻውን አያድንም። ጥሩ አስተራረስ ባለበት ማሳ ላይ ግን የሚጨምረው ጥበቃ አለ። ፍግና ብስባሽ የሚጨመርበት አፈርም ለእነዚህ ጠባቂዎች ቤት ይሆናል። አርሶ አደሩ አያቱ ማሳውን በፍግ ያደልቡ የነበረው ምክንያት አንዱ ክፍል ይህ እንደሆነ ሲረዳ ሳይንሱ የራሱ ዕውቀት ቀጣይ እንጂ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

አንድ ሀገር በአፈሯ ውስጥ ያለውን ሳታውቅ በመጋዘኗ ያለውን ብቻ ብትቆጥር ሒሳቧ ጎዶሎ ይሆናል። ኦማን አብዛኛው መሬቷ በረሃ፣ ውኃዋም ጥቂት ሆኖ ሳለ ከዚያው ጠፍ ከሚመስል አፈር የእርሻ ጠባቂ መፈለግ አላሳፈራትም። ኢትዮጵያ ደግሞ የቡና መገኛ፣ የጤፍና የእንሰት ሀገር ናት፤ ከዳሎል ዝቅታ እስከ ራስ ዳሽን ከፍታ የሚለያይ የአየር ንብረትና የአፈር ዓይነት አላት። እነዚህን ሰብሎች ለሺህ ዓመታት ያሳደገ አፈር ጠባቂዎቻቸውንም አብሮ አሳድጓል። ተመራማሪዎቿ ከእነዚህ ጥቂቶቹን በስም ጠርተው በሳህን ላይ አሳይተዋል።

የሚቀረው ከሳህኑ እስከ ማሳው ያለውን መንገድ መሥራት ነው። በከፋ ጫካ አጠገብ ያለ ገበሬ አባቱ የተከለው ቡና ከጫፉ መድረቅ ሲጀምር ሲያይ፣ በመንዝና በተጉለት ያለ አርሶ አደር ባቄላው ሲጠቁር ሲመለከት ከመንቀልና ከመርጨት ሌላ የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል። ያ ነገር ምናልባት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ስያሜው በወረቀት ተለጥፎበት፣ በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ተኝቶ ይሆናል። በማቀዝቀዣ የተኛ ዘበኛ ማሳ አይጠብቅም፤ ቀስቅሶ ወደ ሥራው መላክ ያስፈልጋል።